ለአፈር ሙከራ የስትሬን መለኪያ ስንመርጥ፦ ፎይል ጌጅ ወይስ ፋይበር ኦፕቲክ? የትኛውስ ፋይበር?

ጎንደር ላይ የአፈር ምህንድስና ሙከራ የሚሠራ ሰው ከሁለት ዓይነት መሬት አያመልጥም። አንዱ በአዘዞ በኩል አልፎ ወደ ደምቢያ የሚዘረጋው ዋልካ ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሌላው የኮረብታው ቀይ አፈርና ከሥሩ ያለው የፈራረሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ መሬቱ ሲንቀሳቀስ ውስጡ የተቀበረው ፓይል (መሬት ውስጥ የሚተከል የመሠረት ምሰሶ)፣ ጂኦግሪድ (አፈር የሚያጠናክር መረብ) ወይም ግድግዳ የት ቦታ ላይ ምን ያህል ተሳበ፣ ምን ያህልስ ተጨመቀ?

ይህን የሚመልሰው ስትሬን ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ 1 ሚሊሜትር ቢረዝም 1000 ማይክሮስትሬን ተሳበ እንላለን። መለኪያው ብዙ ዓይነት ነው፤ ፎይል ጌጅ ሲሳብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚለወጥ ተለጣፊ ስስ ብረት ነው፣ ፋይበር ኦፕቲክ ደግሞ ሲሳብ ውስጡ የሚሄደው ብርሃን የሚለወጥ ቀጭን የመስታወት ክር ነው። ምርጫው በአብዛኛው የሚበላሸውም ሰው ከመሣሪያው ስለሚጀምር ነው። መጀመር ያለበት ከሚጠበቀው የስትሬን መጠንና ከሚለካው ነገር ርዝመት ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እጅ ከገቡ ከአማራጮቹ ግማሹ ወዲያው ይወድቃል።

ከመግዛት በፊት የሚሠራ ስሌት

በአሸዋ ሳጥን ውስጥ የሚተከል ሞዴል ፓይል እንውሰድ። የውጭ ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር የሆነ የአልሙኒየም ቱቦ ነው። ጭነት የሚሸከመው ስፋት 110 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ፣ የአልሙኒየሙ ሞጁል (ላለመለጠጥ ያለው ግትርነት) ደግሞ 70 ጊጋፓስካል ነው። ፓይሉ አናት ላይ 1 ኪሎኒውተን ስንጭን 1000 ኒውተንን ለ110 ሲባዛ 70000 እናካፍላለን፤ የሚገኘው 130 ማይክሮስትሬን ገደማ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ጭነቱን አፈሩ በጎን እየተቀበለ ስለሚሄድ ጫፉ አጠገብ 20 ወይም 30 ብቻ ሊቀር ይችላል። የሙከራው ቁም ነገር ያ አቀናነስ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ከ2 ወይም ከ3 ማይክሮስትሬን የማይበልጥ መለኪያ ያስፈልጋል።

በዚሁ መጠን የፒቪሲ ቱቦ ብንተክል፣ ሞጁሉ 3 ጊጋፓስካል አካባቢ ስለሆነ ስትሬኑ ወደ 3000 ይወጣል፤ ርካሽ መለኪያም ያየዋል። ይህ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ገንዘብ የሚቆጥበውም መሣሪያውን ከመቀየር ይልቅ ፓይሉን መቀየር ነው። ነገር ግን ፒቪሲ ጭነት ላይ ሲቆይ ቀስ እያለ ማጠሩን ይቀጥላል፣ ሲሞቅም ይለሰልሳል። በሰዓታት ለሚያልቅ ሙከራ ይሁን፤ ሳምንታት ለሚወስድ የዋልካ እብጠት ሙከራ ግን አንመክረውም።

አንድ ድንበር ከወዲሁ ይታወቅ። በትራያክሲያል ሙከራ (ዙሪያውን ተጨምቆ ከላይ በሚጫንበት) የአፈሩ ናሙና እስኪሰበር ድረስ 10 ወይም 15 በመቶ ሊያጥር ይችላል። የመስታወት ፋይበር በፋብሪካ የሚፈተነው ግን 1 በመቶ ገደማ ተስቦ ነው። የአፈሩን ስብራት ራሱን ለመለካት ፋይበር አይሆንም፤ ለዚያ ዳያል ጌጅ ወይም ካሜራ አለ። ፋይበር ቦታው አፈሩ ውስጥ ያሉት ጠንካራ አካላት ላይና ትንሽ እንቅስቃሴ ላይ ነው።

ፎይል ጌጅ

ዛሬም ቢሆን ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። የሚለካው ነጥብ ከ6 ወይም ከ8 ካልበለጠ፣ ሙከራው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ከሆነና በቀን ውስጥ ካለቀ፣ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው ነጥቡ ሲበዛ ነው። 120 ኦም የሆነ ጌጅ በ100 ማይክሮስትሬን የሚቀየረው 0.024 ኦም ብቻ ነው። የሽቦው ተቃውሞ በሙቀት ሲለዋወጥ ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ጌጅ ሦስት ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው። 20 ነጥብ ማለት 60 ሽቦ ነው፤ ውስጡ 22 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ያንን ሁሉ ማሳለፍ ፓይሉን ሌላ ነገር ያደርገዋል። 350 ኦም የሆነውን መምረጥ የሽቦውን ስህተት ይቀንሳል፣ ጌጁም ብዙ አይሞቅም።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ውኃ የጠገበ ዋልካ ውስጥ መሸፈኛው በትንሹ እንኳ ከተላጠ በጌጁና በብረቱ መካከል ያለው መከላከያ ይወርድና ንባቡ ምንም ጭነት ሳይጨመር መንሸራተት ይጀምራል። አስቸጋሪው ነገር፣ ይህ መንሸራተት ከእውነተኛ የአፈር እብጠት ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

የሚንቀጠቀጥ ሽቦ ያለው ጌጅም አለ። ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው የተለመደው ዓይነት 15 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው ለሞዴል አይመጥንም፤ በእውነተኛ ግድብ ወይም ፓይል ላይ ለዓመታት ለመከታተል ግን በባትሪ በሚሠራ የእጅ ማንበቢያ የሚነበብ አስተማማኝ መሣሪያ ነው።

ኤፍቢጂ፦ በፋይበሩ ላይ የተጻፉ ነጥቦች

ኤፍቢጂ የሚባለው በፋይበሩ እምብርት ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጻፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚረዝም ጥልፍ ነው። ብርሃን ሲላክበት አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ይመልሳል። ፋይበሩ ሲሳብ የሚመለሰው ሞገድ ይረዝማል፤ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ 1 ማይክሮስትሬን 1.2 ፒኮሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ማንበቢያው 1 ፒኮሜትር የሚለይ ከሆነ ከላይ ላሰላነው ፓይል ከበቂ በላይ ነው።

አንዱ ማንበቢያ 80 ናኖሜትር ስፋት ቢኖረውና ለየጥልፉ 3 ናኖሜትር ብንመድብ በአንዲት ፋይበር ላይ ከ20 በላይ ነጥብ ይሰለፋል። ስትሬኑ በሁለቱም አቅጣጫ 2000 የሚደርስ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጥልፍ 5 ናኖሜትር ገደማ ስለሚወዛወዝ ልዩነቱ ወደ 6 መስፋት አለበት፤ የነጥቡም ቁጥር ወደ 13 ይወርዳል። ይህን ሳያሰሉ ማዘዝ የሚያመጣው ጣጣ ሙከራው መሀል ላይ ይታያል፦ ሁለት ሞገዶች ይደራረቡና የትኛው የየትኛው ጥልፍ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ሌላው የተለመደ ብልሽት ሞገዱ ለሁለት መከፈሉ ነው። ጥልፉ በጎን ሲጨፈለቅ፣ ለምሳሌ ጠጠር ሲጫነው፣ ወይም ስትሬኑ በዚያች 10 ሚሊሜትር ውስጥ እኩል ካልሆነ የሚመለሰው ብርሃን ጫፍ (ከሁሉ የሚደምቅበት ሞገድ) ሁለት ይሆንና ማንበቢያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ሰንጠረዡ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ሲታይ አፈሩ ተሰነጠቀ ከማለት በፊት የሞገዱን ቅርጽ መክፈትና ማየት ይገባል። ስለዚህ ማንበቢያ ሲገዛ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ቅርጽ የሚያሳይ መሆኑ ይረጋገጥ።

ለከተማችን ሁኔታ ኤፍቢጂ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚለካው ሞገድ ርዝመት ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመለስ ንባቡ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ዜሮ ማስተካከል የለበትም። ዋልካ በውኃ ጠግቦ እብጠቱን እስኪጨርስ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ በመሀል መብራት መጥፋቱን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ግን ዩፒኤሱ ቢያልቅም ሙከራው አይጠፋም።

ያልተቋረጠ ልኬት፦ ኦኤፍዲአርና ብሪሉዊን

እነዚህ ጥልፍ አያስፈልጋቸውም። ተራ የቴሌኮም ፋይበር ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴንሰር ይሆናል፤ ልዩነታቸው በምን ያህል ርቀት፣ በምን ያህል ጥራት እንደሚያዩ ነው።

ኦኤፍዲአር በመስታወቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካሉ ጥቃቅን ያለመመሳሰሎች ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን (የሬይሊ ብትን) ያነባል። ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 1 ሴንቲሜትር እየለየ፣ ስህተቱ በጥቂት ማይክሮስትሬን ተወስኖ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ፋይበር ያያል። በነጥብ ብዛት ለላቦራቶሪ ሞዴል ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ በ1 ሜትር ፓይል ላይ መቶ ነጥብ ማግኘት ማለት ጭነቱ የት ቦታ ላይ ወደ አፈሩ እንደተላለፈ በመስመር ማየት ነው። ነገር ግን ሁሉን የሚያነጻጽረው ከመነሻ ንባብ ጋር ነው። ያ ፋይል ከጠፋ፣ ወይም ከመሣሪያው እስከ ፓይሉ ያለው ገመድ ከተቀየረ መመለሻ የለም። ሳጥኑ አጠገብ ጄኔሬተር ከተነሣም ንዝረቱ ንባቡን ይበጣጥሰዋል። ስትሬኑ በአጭር ርቀት በጣም ሲለዋወጥ፣ ለምሳሌ ስንጥቅ ላይ፣ ባዶ ቦታዎች ይመጣሉ። መፍትሔው ጭነቱን በትንንሽ ደረጃ መጨመርና በየደረጃው አዲስ ማነጻጸሪያ ማስቀመጥ ነው።

ብሪሉዊን ብርሃኑ በፋይበሩ ውስጥ ካሉ የድምፅ ሞገዶች ሲበተን የሚያሳየውን የድግግሞሽ ለውጥ ያነባል፤ በኪሎሜትሮች ያያል። ከአንድ ጫፍ ብቻ የሚነበበው ቢኦቲዲአር 1 ሜትር ገደማ ነው የሚለየው፤ ስህተቱም በአሥሮች በሚቆጠር ማይክሮስትሬን ነው። ከሁለት ጫፍ የሚነበበው ቢኦቲዲኤ የተሻለ ይለያል፣ ነገር ግን ፋይበሩ ዞሮ መመለስ አለበት፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። አንድ ንባብ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ይወስዳል። 1 ሜትር የሚለይ መሣሪያ 1 ሜትር ፓይል ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቦታው ሜዳው ነው፦ እንደ ሊማሊሞ ያለ የመንገድ ቁልቁለት፣ የግድብ ግርጌ፣ በዋልካ ላይ የሚያልፍ ረጅም የውኃ ቧንቧ።

ዋጋውን በተመለከተ ልዩነቱ እንዲህ ይታሰብ። በኤፍቢጂ ማንበቢያው መካከለኛ ነው፣ እያንዳንዱ ሴንሰር ግን ከውጭ የሚመጣና ዋጋ ያለው ነው። በኦኤፍዲአርና በብሪሉዊን ሴንሰሩ ርካሽ ፋይበር ነው፣ ማንበቢያው ግን በጣም ውድ ነው። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሙከራ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ኤፍቢጂ ይሻላል። በየወሩ አዲስ ሞዴል ለሚሠራና ማንበቢያውን ከሌሎች ክፍሎች ጋር ለሚጋራ ተቋም ኦኤፍዲአር ወጪውን ይመልሳል።

ሙቀት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ከምርጫው በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የሙከራ ክፍል በበጋ ጠዋት ቀዝቃዛ፣ ከሰዓት በኋላ ሞቃት ነው። ምንም ላይ ያልተጣበቀ ኤፍቢጂ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ፒኮሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ 8 ማይክሮስትሬን ይመስላል። አልሙኒየም ላይ ሲጣበቅ ግን ብረቱ ራሱ በ1 ዲግሪ 23 ማይክሮስትሬን ስለሚረዝም ፋይበሩን ይዞት ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ በ1 ዲግሪ 31 ገደማ ይሆናል። ክፍሉ 5 ዲግሪ ቢሞቅ 155 ማይክሮስትሬን ታየ ማለት ነው፤ 1 ኪሎኒውተን ከፈጠረው 130 ይበልጣል። ያለ ጭነት ጭነት ይታያል።

ስለዚህ ጎን ለጎን ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ፋይበር ብቻውን አያርምም፤ የሚያርመው ከ31ዱ 8ቱን ነው። የሚሠራው ዘዴ ከዚያው ቱቦ 15 ሴንቲሜትር ቆርጦ፣ በዚያው ሙጫ ኤፍቢጂ ለጥፎ፣ ጭነት በማይደርስበት የሳጥኑ ጥግ በተመሳሳይ ጥልቀት መቅበር ነው። ከፓይሉ ንባብ ላይ የዚህ ንባብ ይቀነሳል። ብሪሉዊን ለሙቀት ከዚህም የባሰ ይነካል፤ ፋይበሩ ብቻውን በ1 ዲግሪ 20 ማይክሮስትሬን ይመስላል። ሜዳ ላይ ሲዘረጋ በዚያው ቦይ ውስጥ ልቅ ቱቦ ያለው ሁለተኛ ገመድ አብሮ መቀበር አለበት።

አፈር ውስጥ በቀጥታ ሲቀበር

ፋይበሩ ፓይል ላይ ሳይጣበቅ ዋልካው ውስጥ እንዲሁ ሲቀበር ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ አፈሩ ፋይበሩን ይዞታል ወይስ ይንሸራተትበታል? መልሱ ይሰላል። 125 ማይክሮሜትር የሆነውን መስታወት 1000 ማይክሮስትሬን ለመሳብ 0.9 ኒውተን ገደማ ያስፈልጋል። 0.9 ሚሊሜትር ሽፋን ያለው ፋይበር ዙሪያው 2.8 ሚሊሜትር ነው። አፈሩ በ10 ኪሎፓስካል ቢይዘው በየሚሊሜትሩ 0.028 ኒውተን ያስተላልፋል። ያንን ኃይል ለማሟላት ከጫፉ 31 ሚሊሜትር መግባት አለበት ማለት ነው፤ ለ5000 ማይክሮስትሬን ደግሞ 155 ሚሊሜትር። የሽፋኑ ጥንካሬ ሲጨመር ከዚህም ይረዝማል። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ 5000ን መለካት አይቻልም፤ ፋይበሩ መሀል ሳይደርስ ይንሸራተታል፣ ንባቡም እውነቱን አሳንሶ ያሳያል።

የሚረዳው በየ10 ሴንቲሜትሩ 15 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያላቸው ስስ የፕላስቲክ ክቦችን በኤፖክሲ ማሰር ነው። አፈሩ ክቦቹን ይዞ ይሄዳል፤ የሚነበበውም በሁለት ክቦች መካከል ያለው አማካይ ይሆናል። ብረት የለበሰ ጠንካራ ገመድ ለሜዳ ጥሩ ነው፣ ለትንሽ ሞዴል ግን ራሱ ማጠናከሪያ ሆኖ አፈሩን እንዳይንቀሳቀስ ስለሚያደርግ አይቀበር። ልቅ ቱቦ ያለው የቴሌኮም ገመድም ለስትሬን አይሆንም፤ ፋይበሩ ውስጡ ነፃ ሆኖ እንዲንሸራተት ነው የተሠራው።

አጣበቁ

ቱቦው ላይ በፍሬዛ 0.5 ሚሊሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦይ በ90 ዲግሪ ልዩነት አራት ቦታ ይወጣል። አራቱ የሚያስፈልጉት ፓይል ጭራሽ ሳይጎብጥ ስለማይጫን ነው፦ የተቃራኒ ጎኖች አማካይ ቀጥተኛውን ጭነት፣ የልዩነታቸው ግማሽ ጉብጠቱን ይሰጣል። አንድ መስመር ብቻ ከለጠፋችሁ ሁለቱን መለየት አትችሉም።

ቦዩን በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአሴቶን ከዚያ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። ፋይበሩን በአንድ ጫፍ አስራችሁ በሌላው ጫፍ 50 ግራም አንጠልጥሉ፤ ይህ 550 ማይክሮስትሬን ገደማ ይስበዋል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ይበቃል። በሁለት ክፍል የሚደባለቅ ኤፖክሲ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ሙሉት። ሱፐር ግሉ ለጊዜው ለመያዝ ብቻ ይሁን፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ይለቃል። የኤፖክሲው ማሸጊያ 24 ሰዓት ቢልም የጎንደር ሌሊት ሲቀዘቅዝ መድረቁ ይዘገያል፤ 48 ሰዓት ስጡት። ያልጠነከረ ሙጫ ጭነት ሲቆይበት ቀስ እያለ ፋይበሩን ይለቀዋል፣ ንባቡም ይወርዳል።

ፓይሉ ግርጌ ላይ ፋይበሩን አዙሮ በሌላው ቦይ ማውጣት ካስፈለገ ተራው ጂ.652 ፋይበር አይሆንም፤ 30 ሚሊሜትር ራዲየስ ይፈልጋል። ጂ.657 ኤ2 የሚባለው ግን እስከ 7.5 ሚሊሜትር ራዲየስ ስለሚታጠፍ ባዶ በሆነ የጫፍ ክዳን ውስጥ ይገባል። የኤፍቢጂ ፋይበርም ሁለቱም ጫፎቹ ውጭ ቢወጡ ይመረጣል፤ መሀል ላይ ቢበጠስ የቀረውን ከሌላው ጫፍ ማንበብ ይቻላል። የሚበጠሰው በአብዛኛው ከቦዩ በሚወጣበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ልቅ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሱና በለስላሳ ሲሊኮን ደግፉት።

ከመቅበር በፊት ሁለት ፍተሻ ይደረግ። በመጀመሪያ ቀይ ብርሃን በሚልከው ቪኤፍኤል መስመሩን አብሩት፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ ቀይ ብርሃን ይታያል። ቀጥሎ ፓይሉን በአንድ ጫፍ አጥብቃችሁ በማሰር ከሚለካው ነጥብ 40 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1 ኪሎ አንጠልጥሉ። ከላይ ላሰላነው ቱቦ የላይኛው ጎን 90 ገደማ ሲሳብ የታችኛው ያንኑ ያህል መጨመቅ አለበት። ሁለቱ በመጠን ካልተመሳሰሉ አንዱ ሙጫ አልያዘም፤ ፓይሉ ገና ውጭ እያለ ይታደስ።

ሲታዘዝ የሚጻፈው

ከላይ ላሰላነው ፓይል፣ ነጥቦቹ ከ10 እስከ 40 ለሚሆኑ፣ እርጥብና ረጅም ለሆነ ሙከራ የእኛ ምርጫ ኤፍቢጂ ነው፤ ለማመሳከሪያ ፓይሉ አናት ላይ ሎድ ሴል (የጭነት መለኪያ)፣ አንገቱ ላይ ሁለት ፎይል ጌጅ ይታከልበት። በትዕዛዙ ላይ የእያንዳንዱ ጥልፍ ሞገድ ርዝመትና ከጫፉ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ይጻፍ። ኮኔክተሩ (የገመዱ መሰኪያ) ኤፍሲ ኤፒሲ ይባል፣ ፊቱ ዘመም ብሎ የተሞረደው ማለት ነው፤ አረንጓዴውን ኤፒሲ ከሰማያዊው ዩፒሲ ጋር ማገናኘት ሁለቱንም ፊት ያበላሻል፣ ንባቡንም በነጸብራቅ ይሞላዋል። ለመንቀጥቀጥ ሙከራ የታሰበ ከሆነ በሰከንድ ቢያንስ ጥቂት መቶ ጊዜ የሚያነብ ይሁን፤ ለእብጠትና ለጭነት ሙከራ በሰከንድ 1 ጊዜ ይበቃል። ለአንድ ፓይል አራት ፋይበር ካስፈለገ ስድስት እዘዙ። በቴሌኮም ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች የስፕላይስ ማሽን (ፋይበር አቅልጦ የሚቀጥል) ስላላቸው የተበጠሰ መውጫ ገመድ እዚሁ ይቀጠላል፤ ጥልፉ ራሱ ከተሰበረ ግን ሌላ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።